የዴዝዴሞና ደም በማን ላይ ነው?

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሆሳዕና ከተማ በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ስለ ኦቴሎ ቴአትር ክርክር ገጠምን። የቤቱ ጌታና ሌላው ጓደኛችን የከተማው መምህራን ናቸው፤ ሦስተኛው ከዱራሜ ለዘመድ ጥየቃ የመጣ፣ እርሱም በመምህርነት የሚተዳደር እንግዳ ነው፤ እኔ ግን ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ ያልዘለቅሁ፣ መዝገብ ሳገላብጥ የምውል የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ያከራከረን መጽሐፍ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውና በ1950ዎቹ ዓመታት ለአገራችን መድረክ የበቃው ኦቴሎ ሲሆን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት የተለበጠ፣ በብዙ እጅ የዞረ ቅጂ ነበር።

የክርክሩም ጉዳይ ይህ ነው። ንጽሕቲቱን ዴዝዴሞናን በአልጋዋ ላይ አፍኖ የገደላት ባሏ ኦቴሎ መሆኑን ቴአትሩን ያየ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን እጅ ብቻውን አይገድልም፤ ከእጅ በፊት ሐሳብ አለ፤ ከሐሳቡም በፊት ሐሳቡን የዘራ አለ። እንግዲያስ የክፋቱ ምንጭ ወዴት ነው? ደሙስ በማን ላይ ነው? የቤቱ ጌታ «ጥፋቱ የኢያጎ ነው፤ ኢያጎ ሥጋ የለበሰ ሰይጣን ነው፤ ኦቴሎማ የተታለለ ምስኪን ነው» አለ። የዱራሜው እንግዳ ግን ይህን አልተቀበለም። «ጥፋቱ የቬኒስ ነው፤ ጥቁሩን ሰው ለጦርነት ሲፈልጉት አከበሩት፤ ልጃቸውን ሲያገባ ግን መተተኛ አሉት። በሰው አገር ሁልጊዜ እንደ እንግዳ የሚኖር ሰው ስለ ገዛ ቤቱ እንኳ ከራሱ ይልቅ የአገሬውን ወሬ ያምናል» ሲል ተከራከረ። ሦስተኛው ወዳጃችን የቅናትን ነገር አነሣ፤ ይህ ግን ብዙ የተባለበት ስለ ሆነ አላቆየንም።

በዚህ ጊዜ ቡና ስታቀርብልን የነበረችው የቤቱ እመቤት፣ «ይቅርታ ላቋርጣችሁና፣ ሰውየው ሚስቱን አስቀምጦ አልጠየቃትም እንዴ?» አለች። ባሏም «ጠይቋታል እንጂ!» ብሎ ቦታውን ሊያሳያት ገጹን መግለጥ ጀመረ። እርሷም «ጠይቋት ከሆነ እንዴት ሳያውቅ ቀረ?» አለችና ጀበናዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ሳቅን፤ ክርክራችንንም ቀጠልን። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን የመምህራኑ ንግግር ሁሉ ከጆሮዬ ጠፍቶ የእርሷ ጥያቄ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት። ስለዚህ መጽሐፉን ተውሼ፣ ኦቴሎ ማንን፣ መቼ፣ እንዴት አድርጎ እንደ ጠየቀ ለማየት ስል እንደገና ከመጀመሪያው አነበብሁት።

አስቀድሜ ስለ ድርሰቱ መነሻ ጥቂት ልበል። ሼክስፒር ይህን ቴአትር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1603 ወይም በ1604 አካባቢ ሲሆን፣ በ1604 ኅዳር ወር መጀመሪያ በለንደን በንጉሥ ጄምስ ቤተ መንግሥት ታይቷል። ታሪኩን ያገኘው ቺንዚዮ የተባለ ጣሊያናዊ በ1565 ካሳተመው የተረት ስብስብ ነው። በጣሊያናዊው ተረት ውስጥ ባንዲራ ያዡ፣ ማለት የኢያጎ አምሳያ፣ ክፋት የሠራበት ምክንያት በግልጽ ተነግሯል፤ ሴቲቱን ወዶ፣ ወደ እርሱ ዞር ሳትል ብትቀር ፍቅሩ ወደ ጥላቻ ተለወጠ። ሼክስፒር ይህን ምክንያት አውጥቶ ጣለው፤ በምትኩም እርስ በርሳቸው የማይያያዙ ጥቃቅን ምክንያቶችን በኢያጎ አፍ አኖረ። አንድ ጊዜ ሹመት ተነፈግሁ ይላል፤ አንድ ጊዜ ኦቴሎ ሚስቴን ደፍሮብኛል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ ይላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ካሲዮንም በዚያው ይጠረጥራል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ኮልሪጅ ይህን አይቶ፣ ኢያጎ ምክንያት የሌለውን ክፋቱን ለማልበስ ምክንያት ሲያፈላልግ የሚኖር ሰው መሆኑን ጽፏል።

እኔ እንደሚመስለኝ ደራሲው ምክንያቱን የነሣን አውቆ ነው። የክፋቱን ምንጭ በኢያጎ ልብ ውስጥ አግኝተነው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በዚያ ባለቀ፣ እኛም እፎይ ብለን ወደ ቤታችን በገባን ነበር። ነገር ግን ምንጩን ፍለጋ በኢያጎ በኩል የሄደ ሁሉ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኦቴሎ ራሱ በመጨረሻው ገቢር እውነቱ ከተገለጠለት በኋላ የኢያጎን እግር ዝቅ ብሎ ያያል፤ ሰይጣን እግሩ እንደ ከብት ሰኮና ስንጥቅ ነው ይባላልና። ያየው ግን የሰው እግር ነው። በሰይፍ ወጋው፤ ኢያጎም እንደ ማንኛውም ሰው ደማ፣ ግን አልሞተም። ወዳጄ መምህሩ «ሥጋ የለበሰ ሰይጣን» ያለውን ነገር ኦቴሎም ሞክሮት፣ አልሆንለት ያለ ማምለጫ ነው።

ሐያስያን በዚህ ነገር ከተከራከሩ ቆይተዋል። ራይመር የተባለ እንግሊዛዊ በ1693 በጻፈው መጽሐፍ፣ ለአንዲት መሐረብ ይህን ያህል ሁከት ምንድን ነው ብሎ አፊዞበታል። ብራድሊ በ1904 ኦቴሎን ክቡርና በቀላሉ የማይቀና ሰው አድርጎ ጥፋቱን በኢያጎ ብልጠት ላይ አሳረፈው፤ ሊቪስ ደግሞ በ1937 ተነሥቶ፣ ጥፋቱ ከኢያጎ ይልቅ በኦቴሎ በራሱ ትዕቢት ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር አለ። እነዚህ ሊቃውንት የሚመረምሩት የሰውየውን ጠባይ ነው። የወዳጄ ባለቤት የጠየቀችው ግን ስለ ጠባይ ሳይሆን ስለ ሥራ ነው፤ ስለዚህ እኔ እርሷን እከተላለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ የመጀመሪያውን ገቢር አስታውስ። ሌሊት ነው። የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ ይገሠግሣሉ፤ የቬኒስ መኳንንት ከእንቅልፋቸው ተቀስቅሰው በጉባኤ ተቀምጠዋል። በዚህ ጭንቅ መካከል አዛውንቱ ብራባንዚዮ እያለቀሰ ገብቶ፣ ልጄን በመድኃኒትና በአስማት አሳቱብኝ ብሎ ይከሳል። መስፍኑም ገና ማንነቱን ሳይሰማ፣ ጥፋተኛው የገዛ ልጄም ቢሆን በሕግ እንዲቀጣ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ይገባለታል። ተከሳሹ ኦቴሎ መሆኑን ሲሰማ ግን ምን አደረገ? አንተስ ምን ትላለህ ብሎ ጠየቀው። ክስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ብሎም አዛውንቱን ገሠጸው። ኦቴሎም ሴቲቱ ትጠራና በአባቷ ፊት ትናገር፤ ክፉ ሆኜ ከተገኘሁ ሹመቴን ብቻ ሳይሆን ሕይወቴንም ውሰዱ አለ። ዴዝዴሞና መጣች፤ ተናገረች፤ ኦቴሎ ነጻ ወጣ።

እነሆ፣ ጠላት በደጅ በቆመበት ሌሊት እንኳ አንዲት ሴት አስጠርቶ ቃሏን ለመስማት ጊዜ አልጠፋም። ኦቴሎ በሕይወት የወጣው በዚያች ሴት የምስክርነት ቃል ነው። ሄዶ እንዲያመጣት የተላከውም ሌላ ሰው ሳይሆን ኢያጎ ነበር። ሼክስፒር ይህችን ዝርዝር ያለ ነገር ያስገባት አይመስለኝም። ኢያጎ በዚያች ሌሊት የተረዳው አንድ ነገር አለ፤ ይህች ሴት ተጠርታ ከተሰማች ሐሰት በፊቷ አይቆምም። ከዚያ ወዲህ የኢያጎ ሥራ ሁሉ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ቀን በአንድ ቤት ፊት ለፊት ቆመው እንዳይነጋገሩ ማድረግ ነው።

በሁለተኛው ገቢር በቆጵሮስ ካሲዮ ሰክሮ በተጣላ ጊዜ፣ ኦቴሎ ከአልጋው ተነሥቶ መጣ፤ ማን እንደ ጀመረም ጠየቀ። ካሲዮ ከሐፍረት የተነሣ መናገር አቃተው፤ ኢያጎም እያመነታ፣ ለካሲዮ የሚያዝን እየመሰለ መሰከረበት። ኦቴሎ በዚያው ቅጽበት ሻረው። እስኪነጋ ድረስ እንኳ አልጠበቀም። ብዙ ተመልካች ይህን ትዕይንት እንደ ተራ የጦር ሰፈር ሁከት አድርጎ ያልፈዋል፤ እኔም ከዚህ በፊት አልፌው ነበር። ነገር ግን በዴዝዴሞና ላይ የሚደርሰው ሁሉ በካሲዮ ላይ አስቀድሞ ደርሷል። አንድ ምስክር፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ፍርድ።

ወደ ሦስተኛው ገቢር ስንመጣ የወዳጄ ባለቤት የጠየቀችው ነገር መልስ ያገኛል። ኦቴሎ ሳላይ አልጠረጥርም፤ ከጠረጠርሁም አጣራለሁ ብሎ እንደ ጥሩ ዳኛ ይጀምራል። ኢያጎ ያቀረበለት ማስረጃ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛው ካሲዮ በእንቅልፉ ተናገረ የተባለ ሕልም፣ ሁለተኛው ካሲዮ ጺሙን ጠረገበት የተባለ መሐረብ። በዚያው ትዕይንት መጨረሻ ላይ ኦቴሎ ተንበርክኮ ማለ፤ ካሲዮም በሦስት ቀን ውስጥ እንዲገደል አዘዘ፤ ሚስቱንም ፈጥኖ የሚገድልበትን መንገድ ሊያስብ ወደ ውስጥ ገባ። ዴዝዴሞና እስከዚህ ድረስ እንደ ተከሰሰች እንኳ አታውቅም።

«ጠይቋታል እንጂ» የተባለው ከዚህ በኋላ በአራተኛው ገቢር ነው። ኦቴሎ በመጀመሪያ ኤሚልያን ጠርቶ መረመራት፤ እርሷም ስለ እመቤቷ ንጽሕና ነፍሷን አስይዛ መሰከረች። ኦቴሎ ግን እንዲህማ ማንኛዪቱም ደላላ ትላለች ብሎ ምስክርነቷን ጣለው። ቀጥሎም ሚስቱን አስገብቶ ሰደባት። ያች ሴት በዚህ ጊዜ የጠየቀችው ጥያቄ፣ በየትም አገር ችሎት የቆመ ተከሳሽ ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ ከማን ጋር? እንዴት? ምን አድርጌ? ኦቴሎ ግን አለቀሰ፤ ሰደበ፤ መልስ አልሰጠም። የካሲዮን ስም እንኳ አልጠራላትም። ክሱ በግልጽ የተነገራት በአምስተኛው ገቢር፣ ሊገድላት በአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ሳለ ነው። ሰውየውን አስጠርተህ ጠይቀው አለችው፤ እርሱ በመጀመሪያው ገቢር ለራሱ የለመነውን ያንኑ ልመና ለመነችው። ኦቴሎ ካሲዮ የሞተ መስሎት፣ የእርሱ አፍ ተዘግቷል አላት። ግማሽ ሰዓት ለመነች፤ እርሱም ተከለከለች።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ጠይቋታል፤ ነገር ግን የጠየቃት ከፈረደባት በኋላ ነው። ከፍርድ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ደግሞ መልሱን ለመስማት የሚቀርብ አይደለም።

የዱራሜው እንግዳ ያነሣው ነገር እውነት የለበትም አልልም። ኦቴሎ ራሱ፣ ምናልባት ጥቁር ስለ ሆንሁ፣ ምናልባት ዕድሜዬ ስለ ገፋ ይሆናል እያለ ሚስቱ የምትጠላበትን ምክንያት በገዛ አፉ ለራሱ ይናገራል፤ ኢያጎም የቬኒስን ሴቶች ጠባይ እኔ ዐውቃለሁ ብሎ ባዕድነቱን ያስታውሰዋል። ይህ ሁሉ ኦቴሎ ለምን እንዳመነ ይነግረናል። ለምን እንዳልሰማት ግን አይነግረንም። ባዕድ መሆኑ በቬኒስ ጉባኤ ፊት በቆመበት ሌሊትም አብሮት ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሴቲቱ ትጠራ ብሎ መናገርን አልከለከለውም።

የመሐረቧን ነገር ራይመር ቢስቅባትም፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የምንስቅባት አይመስለኝም፤ ሌባሻይን እናውቃለንና። በቀድሞ ዘመን ዕቃ ሲጠፋ፣ አንድ ብላቴና መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ሲስት ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቅ ነበር፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ባለቤቱን ማንም አይጠይቀውም፤ ብላቴናው ገብቷልና። በዚያው ዘመን ሌላ ልማድም ነበረን፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣፍተው በዛፍ ጥላ ሥር ፊት ለፊት ቆመው፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ የሚጠያየቁበት ሙግት። የቬኒስ ጉባኤ ይህንኛውን ይመስላል፤ የኦቴሎ መኝታ ቤት ደግሞ ያኛውን። መሐረቧ ከእጅ ወደ እጅ እየተንገዳገደች ሄዳ ካሲዮ ቤት ገባች፤ በቃ።

በዚህ ላይ በእኛ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ለሚኖር አንባቢ ብቻ የሚታይ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ የኢያጎን ሥራ ሴራ ይለዋል። የድርሰት መምህራንም የታሪኩን አካሄድ ሴራ ይሉታል። በሀዲይሳና በከምባቲሳ ግን ሴራ ማለት ሕግ፣ ደንብ፣ አባቶች ተቀምጠው የሚዳኙበት ሥርዐት ነው። በሆሳዕና ገበያ አንድ ሽማግሌ «ጉዳዩ በሴራ ይታይ» ቢሉ፣ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ሊደነግጥ ይችላል፤ እርሳቸው ግን ሁለቱም ወገኖች ተቀምጠው ይሰሙ ማለታቸው ነው። አንዱ ቃል በሁለት ቋንቋ የቴአትሩን ሁለት ሌሊቶች መሰየሙ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ እኔን ብዙ ቀን አሳስቦኛል።

ሀዲያን ካነሣሁ ዘንድ፣ ከዚህ ምድር ወደ ቤተ መንግሥት የሄደችውን እቴጌ እሌኒን ሳላስታውስ አላልፍም። የሀዲያው ገራድ ልጅ እሌኒ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በነበረችበት ዘመን፣ ኦቴሎን የሚያስታውስ ነገር በዚያ ቤት ተፈጽሟል። ንጉሡ ጣዖት አምላኪነትን ከአገሩ ለመንቀል ቆርጦ ስለ ተነሣ፣ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በግንባሩና በክንዱ ላይ ጽፎ እንዲያሳይ አዘዘ። ሰይጣን እንዲህ በየሰዉ ገላ ላይ ሲካድ፣ ወሬ አቀባዮች በንጉሡ ጆሮ ሥር ይሠሩ ነበር። የንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ጣዖት አምልከዋል ተብለው ተገረፉ፤ የሞቱም አሉ። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ አሢራለች ተብላ ተገርፋ በዚያው ሞተች። ዘርዐ ያዕቆብ ተራ ጨካኝ አልነበረም፤ መጻሕፍት ያስጻፈ፣ ለሃይማኖት የቀና ንጉሥ ነበር። ኦቴሎም ገዳይ ነኝ አይልም፤ ወደ መኝታው ሲገባ ራሱን እንደ ፍርድ ፈጻሚ፣ እንዲያውም እንደ መሥዋዕት አቅራቢ ይቈጥራል። እኔን ከኢያጎ ክፋት ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ኢያጎ የሚሠራው ክፋት መሆኑን ያውቃል።

የሚያስፈራኝም ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበርሁበት መሥሪያ ቤት፣ በአንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ላይ ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ደረሰ። ዕቃ አውጥቶ ሸጧል ይላል። መዝገቡ ሲመረመር አንድ የሞዴል 22 ቅጠል ጎደለ። የእግድ ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ለሠራተኛው መልስ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ወረቀት ተጽፎለታል፤ እኔ ግን መልሱን ሳልቀበል እግዱን ጽፌ፣ ቀኑን ብቻ ክፍት ትቼ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። መልሱ በመጣ ጊዜ አነበብሁት፤ ማንበቤን ግን ዛሬ ሳስበው ኦቴሎ ኤሚልያን እንደ ሰማት ዓይነት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያ ቅጠል ከሌላ ጥራዝ ጋር ተጣብቆ ተገኘ፤ ሰውየውም ወደ ሥራው ተመለሰ። ደብዳቤውን የጻፈው ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔም በዚያን ጊዜ ያን ሰው እየረገምሁ ራሴን አጽናናሁ። ሰውየው ግን ጠዋት ጠዋት ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፤ ልጆቹ በእነዚያ ሁለት ወራት ምን በልተው እንዳደሩ አልጠየቅሁትም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለዱራሜው መምህር አነበብሁለት። አዳምጦ ሲያበቃ «ስለ ኤሚልያ ቶሎ አለፍህ» አለኝ። መሐረቧን ከወለል አንሥታ ለባሏ የሰጠችው ኤሚልያ ናት። ዴዝዴሞና ወዴት ጣልሁት ብላ ስትጨነቅ፣ ኤሚልያ አጠገቧ ቆማ አላውቅም ብላለች። ኦቴሎ ስለ መሐረቡ ሲቆጣም በዚያው ነበረች። አንድ ቃል ብትናገር ቴአትሩ በሦስተኛው ገቢር ባለቀ ነበር። ለኦቴሎ ስለ እመቤቷ ንጽሕና ነፍሷን ስታስይዝ እንኳ መሐረቧን አላነሣችም። ለዚህ ለመምህሩ የምመልሰው አጣሁ፤ ባሏን ፈርታ ነው እንዳልል፣ በመጨረሻ ሰይፉን መዝዞ ዝም በይ ሲላት አልፈራችውም።

በዚያ ቤት በዚያች ሌሊት፣ ሴቲቱ ከሞተች በኋላ፣ ከመጀመሪያው ገቢር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በአንድ ላይ ተገኝተዋል፤ ከሳሹ፣ ፈራጁ፣ ምስክሯ፣ ቆስሎ በወንበር የመጣው ካሲዮ። ኤሚልያ ተናግራ ሞተች። ካሲዮ መሐረቡን የት እንዳገኘው ተጠይቆ በአንድ ቃል መለሰ። ኦቴሎም ኢያጎ ለምን ይህን እንዳደረገ ይጠየቅልኝ አለ። አምስት ገቢር ሙሉ ሲናገር የነበረው ኢያጎ ግን ከዚህ በኋላ አልናገርም አለ፤ አልተናገረምም።